አባቴን «ጎትት» ያልኩበት ሜዳ

በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ሜዳ ለሚወጣ ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ስለ ሞተር አይደለም። ስለ ባትሪም አይደለም። «ወደ ታች» የምትለዋን ቃል ቤታችሁ ትታችሁ ውጡ። በተለይ የአራዳ ልጆች ከሆናችሁ።

እኛ ሰፈር ግራና ቀኝ የሚል ሰው የለም። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ መንገድ ብትጠይቁ «ወደ ላይ ትወጡና፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ታች ወረድ ስትሉ ታገኙታላችሁ» ነው መልሱ። ወደ ላይ ማለት ወደ እንጦጦ ነው። ወደ ታች ማለት ከተማው ወደሚወርድበት። ከተማው ተዳፋት ስለሆነ እንጂ ማንም ተሳስቶ አይደለም፤ እኔም አፍ ከፈታሁ ጀምሮ የማወራው እንደዚያ ነው። አውሮፕላን ግን እንጦጦን አያውቅም። ለአውሮፕላን ታች ታች ነው።

አባቴ ወርቅ ሠሪ ናቸው። ፒያሳ ካልፈረሱት ሱቆች በአንዱ ጓዳ ቁጭ ብለው ቀለበት ያሰፋሉ፣ ያጠባሉ፣ የተበጠሰ ሐብል ይበይዳሉ። ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ አፍንጮ በር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ፎም ይቆርጣሉ፤ ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን ነጩን ፎም። ጎረቤት ፍሪጅ ገዛ ከተባለ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ሲመለሱ ካርቶኑን ታቅፈው ነው። ሞተሩንና ሪሞቱን ያገኙት ከቲቸር ነው። ቲቸር ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተማረኝ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱን ከለቀቅኩ በኋላም ስሙ ቲቸር ሆኖ ቀረ። እሱም እንደ አባቴ የዚህ ነገር በሽተኛ ነው።

እኔን ከእነሱ ጋር ያገናኘኝ የመበየጃ ካውያዬ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥቡ አልመጣልኝም፤ ፒያሳ ሞባይል ጥገና ገባሁ። አፌ አልተገራም ይባላል። ደንበኛ «ስልኬን ውኃ ነክቶት አያውቅም» ሲለኝ «ታዲያ ዋና የገባው ብቻውን ነው?» የምል ሴት ነኝ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ሊያባርረኝ አስቦ እጄን ሲያይ ተወኝ። አባቴ ፊት ግን ምላሴ ይታሰራል። እኛ ቤት አባት አንቱ ነው። አንተ የምትላቸው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስትናደድ።

ስለዚህ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ሽቦ ሁሉ የምበይደው እኔ ነኝ። ከሪሞቱ የሚመጣውን ትእዛዝ የሚቀበል ሪሲቨር የሚባል ዕቃ አለው። ጎረቤታችን ይህንን ስም ሲሰማ የዲሽ ሪሲቨር መሰለውና አንድ ቀን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣

«ስንት ቻናል ይይዛል?» አለኝ።

«ስድስት» አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ ስድስት ነው።

«ስፖርት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ገባ።

በዚህ መሀል ነው የአባቴ ዓይን የተያዘው። ሐኪሙ «ግላኮማ ነው» አላቸው። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው ብሎ ቁጭ አድርጎ አስረዳቸው። እሳቸው ቤት መጥተው ሲያስረዱን ጋዜጣ ጠቅልለው እንደ ቧንቧ ዓይናቸው ላይ ደገኑና «በዚህ ነው የማያችሁ» አሉን። መሀሉ ደህና ነው፣ ጎን ለጎኑ ጨልሟል። የቀለበት ፈርጥ ያያሉ። ከቀለበቱ አጠገብ ያለውን መቆንጠጫ አያዩም፤ በክርናቸው ይጥሉታል። ሰማይ ላይም እንደዚሁ ነው። አውሮፕላኑ በቧንቧው ውስጥ እስካለ ድረስ ከእኔ አሳምረው ያዩታል። ከቧንቧው ከወጣ ግን የለም። ስለዚህ ከጎናቸው ቆሜ የት እንዳለ መናገር የእኔ ሥራ ሆነ።

አውሮፕላኑ የተከሰከሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ነው። አየሩ ጸጥ ያለ ነበር። ሜዳውን የሚጠብቁት ሰዎች ያውቁናል፤ ፈቃድ ጠይቀን፣ ካሜራ እንደሌለው አገላብጠው አይተው፣ ከኳስ ተጫዋቾቹ ራቅ ብለን በጠዋት እንድናበር ተስማምተው ነበር። (ይህም ምክር ነው። ሳትጠይቁ አታብሩ። ካሜራም አትስቀሉበት። ሰው ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካሜራ አለው?» ብሎ ነው፤ «የለውም» የሚለው መልስ ከብዙ ጣጣ ያድናችኋል።)

አውሮፕላኑ ከላይ በኩል፣ ዛፎቹ አናት ላይ፣ እየዞረ ሳለ ከአባቴ ቧንቧ ወጣ።

«የት አለ?» አሉ።

ወደ ዛፎቹ እየገፋ ነበር። ወደ ከተማው በኩል መመለስ ነበረበት። አፌ ደግሞ ሁልጊዜ የሚለውን አለ።

«ወደ ታች! ወደ ታች ይበሉት!»

አባቴ ወደ ታች አሉት። ጣታቸው ሪሞቱ ላይ ያለውን ዘንግ ወደፊት ገፋ፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቁልቁል ዞረ፣ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። ፎም መሬት ሲመታ ደረቅ ሳል የሚያስል ሰው ይመስላል። የወደቀው ሻይ ከምትሸጥ ሴት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ሴትዮዋ ፔርሙሷን አቅፋ ብድግ አለችና በመጀመሪያ ምን አለች? «ካሜራ አለው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወደ ታች አላልሽም?»

«ወደ አራት ኪሎ ማለቴ ነው!»

«ታዲያ አራት ኪሎ አትይም?»

ቲቸር ሳቁን መያዝ አቃተው። «እንኳንም ወደ ላይ አላለች ጋሼ። እንጦጦ ወጥተን ነበር የምንፈልገው።»

እኔም ሳቅኩ። ሻይ ሻጯም ሳቀች። አባቴ አልሳቁም። ስብርባሪውን በፌስታል ለቅመው፣ የአፍንጮ በርን መንገድ ስንይዝ፣ እኔን ሳያዩ «ዓይን ያለው ሰው ቃል አይጠብቅም ነበር» አሉ። ጥፋቱ የቃሉ እንደሆነ እኔም ቲቸርም ደጋግመን ነገርናቸው። እሳቸው ጥፋቱን ከእኔ ላይ አንስተው ዓይናቸው ላይ ጭነውታል፤ ማውረድ አልተቻለም።

ሪሞቱ ሳጥን ውስጥ ገባ። በረንዳው ላይ የፎም ብናኝ ጠፋ፤ እናቴ ስታማርር የኖረችበትን ብናኝ ያን ሰሞን ፈለገችው። ይባስ ብሎ አባቴ ሱቅ ውስጥ እጃቸውን አቃጠሉ። ሐብል ሲበይዱ፣ ከጎን ያለውን የእሳት መበየጃ ሳያዩ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ነገሩ ግን ትንሽ አልሆነም። ያን ቀን ራት ላይ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉን፦

«አንድ ጊዜ ልሞክር። አስነስቼ፣ አዙሬ፣ በእጄ ካሳረፍኩት፣ ደግ ነው፣ እሠራለሁ። ከሰበርኩት ግን ዓይኔ አብቅቷል። ወንበሬን ለሌላ ለቅቄ ቤት እቀመጣለሁ።»

እናቴ «አንተ ሰውዬ» አለች። ተናዳለች ማለት ነው። «የሕይወትህን ነገር በመጫወቻ ነው የምትወስነው?»

«በምን ልወስን? የደንበኛ ጣት አቃጥዬ?»

እናቴ ሳህኑን መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው። አባቴ ቤት የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ቤት የተቀመጡ ቀን ምን እንደሚሆኑ አጎቴን አይቻለሁ፤ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ከበረንዳው ወንበር ጋር ተሰፍቶ ቀረ። ግንቦት እያለቀ ነበር። ክረምቱ ከገባ ሜዳው እስከ መስከረም ጭቃ ነው። እስከ መስከረም ደግሞ ያ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚጠብብ ሐኪሙም አያውቅም።

አዲሱን አውሮፕላን ስንሠራ የተማርኩትን እዚህ ላይ ልናገር፣ ሌላ ቦታ አይመቸኝም። ፎም በማስቲሽ አይጣበቅም። ማስቲሽ ፎም ይበላል፤ ክንፉ ላይ ቀብታችሁ ዞር ስትሉ አይጥ የጎረሰችው ዳቦ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኮላ ቀቡና እስኪደርቅ ታገሡ። እኔ መታገሥ አልችልም፣ ስለዚህ ኮላውን የሚቀቡት አባቴ ናቸው። የክንፉን ሆድ ቀይ ስኮች አልብሱት፣ ጀርባውን ነጭ ተዉት። ሩቅ ሲሆን ጀርባውን ነው ሆዱን ነው የማየው የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ባትሪውን ከገጠማችሁ በኋላ ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት አንሡት፤ ጭራው ከወረደ አታብሩት፣ ባትሪውን ወደ አፍንጫው ግፉና እንደገና አንሡት። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ «አንድ ቀን ብቻ» አትበሉ። ያበጠ ባትሪ ምን እንደሚያደርግ ሱቃችን ጣሪያ ላይ ያለውን ጥቁር ክብ መጥታችሁ እዩ። ሪሞቱን አስቀድማችሁ አብሩ፣ ከዚያ አውሮፕላኑን። ሲጠፋ በተቃራኒው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ቀጭን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች ባሕር ዳርቻ ነው የሚያበሩት፤ «ቀስ ብላችሁ አሳርፉ» ይላሉ። እዚህ እነሱ ቀስ በሚሉት ፍጥነት ብትሉ አውሮፕላኑ ክንፉን አጥፎ ይወድቃል። ቀለል አድርጋችሁ ሥሩት፣ ስታሳርፉም ከምትፈልጉት ትንሽ ፈጠን አድርጉት። አባቴ ይህ በጣም ይከብዳቸው ነበር። እጃቸው የወርቅ ሠሪ እጅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ማለስለስ ይወዳል።

አሁን የቀረው ቃል ነው። መላውን ያመጣው ቲቸር ነው። «አውሮፕላኑን አትዘዢው፤ የአባትሽን እጅ እዘዢ» አለኝ። አውሮፕላን ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ግራው ቀኛችሁ ይሆናል። ያኔ ስለ ግራና ቀኝ የሚያስብ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ እኔ በአባቴ ቀኝ፣ ቲቸር በግራቸው እንቆማለን። ወደ እኛ ሲመጣ የወረደው ክንፍ በእኔ በኩል ከሆነ «በእኔ» እላለሁ፤ ዘንጉን ወደ እኔ ይገፋሉ፣ ክንፉ ይነሣል። በዚያኛው በኩል ከሆነ «በቲቸር»። አፍንጫው መነሣት ካለበት «ጎትት»። ሞተሩ መቀነስ ካለበት «ቀንስ»። አራት ቃል። ላይም የለም፣ ታችም የለም።

ግቢያችን ውስጥ ሪሞቱን ሳናበራ ተለማመድን። ቲቸር የተሰበረውን ክንፍ ይዞ ወደ አባቴ እየሮጠ ያዘነብለዋል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ አባቴ ዘንጉን ይገፋሉ። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ሆኖ ሙድ ይይዝብናል። እሱ አይደለም ያስቸገረኝ። ያስቸገረኝ ምላሴ ነው።

«አባባ፣ ይጎትቱ!»

ቲቸር ክንፉን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ቃልሽ ሳያልቅ ተቀበረ» አለ።

«እንደገና» አልኩ።

«ይቀንሱ! በእኔ በኩል ያድርጉት!»

«ተቀበረ። አንቺ ልጅ፣ እኔን ክፍል ውስጥ ስትመልሺልኝ እንዲህ ጨዋ አልነበርሽም።»

አባቴ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ጎትት በይኝ» አሉ።

«እሺ አባባ። ይጎ…»

«ጎትት!»

«…ጎትት» አልኩ። ድምፄ የሰው ኪስ የገባሁ ይመስል ነበር።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ማንን ነው ጎትት የምትዪው?»

«እኔን ነው» አሉ አባቴ። «ተያት። ሜዳው ላይ አንቱ የለም።»

ቅዳሜ ሊሆን ነበር ቀጠሮው። ቅዳሜ ሜዳው ላይ የኳስ ውድድር ነበርና ተመለስን። እሑድ ቲቸር ጸሎት ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ መዝሙር የሚመራው እሱ ነው፣ ቀድሞ መውጣት አይችልም። እሑድ ሲነጋ «ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው» አልኳቸው አባቴን። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ በዚያ ቧንቧቸው። ከእንጦጦ በኩል ደመናው ጠቁሮ ተቀምጧል።

«ዛሬ» አሉ።

እሑድ ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ሁለት ብቻ ነን። የሚሮጡ ሰዎች ዳር ዳሩን ይዞራሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጭ ለባሾች አቋርጠው ያልፋሉ። ሣር ነጭቼ ወደ ላይ በተንኩ፤ ነፋሱ ከጀርባችን ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ገጥሞ ነው። ነፋሱ ከጀርባችን ከሆነ አውሮፕላኑ ሲያርፍ በቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጣው፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ነገርኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ።

ሪሞቱ በራ። ባትሪው ተገጠመ። የጭራውና የክንፉ ጆሮዎች፣ አውሮፕላኑን የሚያዞሩት ጠፍጣፋ ጫፎች፣ በትክክል ሲንቀሳቀሱ አየሁ፣ ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ሦስተኛ ላይ «በቃ ልቀቂው» አሉኝ። እሳቸውን ከኋላዬ ትቼ ነፋሱን ለመግጠም ራቅ ብዬ ሄድኩ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አዞርኩ፣ ሞተሩ ሲጮህ አፍንጫውን ትንሽ ቀና አድርጌ ወረወርኩት። በራሳቸው ላይ አልፎ ወጣ። ሮጬ ቀኛቸው ላይ ቆምኩ። በግራቸው ማንም የለም።

ሲወጣ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር። አንድ ዙር ያለ እኔ ቃል አዞሩት። በሁለተኛው ላይ ጭልፊት መጣ።

የእኛን ሰማይ ጭልፊት የምታውቁት ነው፤ ከልጅ እጅ ሥጋ የሚነጥቅ ነው። አንዳንዱ አውሮፕላኑን ባላጋራ ያደርገዋል። ከላይ ክንፉን ሰብስቦ ሲመጣ አየሁት። አባቴ አላዩትም፤ ከቧንቧው ውጪ ነው። ጭልፊት ሲመጣ መውጣት ነው፤ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ እንደ ሞተር አይፈጥንም።

አፌን ከፈትኩ። «አባባ ይጎ…»

«ምን?»

«ጎትት!»

ጎተቱ። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ጭልፊቱ ከሥሩ አለፈ፣ አንድ ጊዜ ዞሮ አየንና ወደ ሽሮ ሜዳ በኩል ሄደ። «ምን ነበር?» አሉኝ። «ጭልፊት» አልኳቸው። «አላየሁትም» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ያ ቅዳሜ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት። ወዲያው «እናውርደው» አሉ።

አዙረው ከሩቅ ዳር አመጡት። ቀዩ ሆዱ አይታይም፣ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ፣ ፊት ለፊት።

«ቀንስ።»

ቀነሱ።

«በእኔ። በእኔ። እሺ። ጎትት፣ ትንሽ። ቀንስ!»

ይሄኔ ነው ከጀርባችን ድምፅ የመጣው።

«አንቺ!»

ዘወር አላልኩም። በዓይኔ ጠርዝ ግን አየኋቸው፤ ነጠላ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ። መጥተው በአባቴ ግራ ቆሙ፣ ቲቸር መቆም በነበረበት ቦታ ላይ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ናቸው? እንዲህ ነው ትልቅ ሰው የሚታዘዘው? ጎትት፣ ቀንስ፣ ሎሌሽ ናቸው?»

ክንፉ በሽማግሌው በኩል ወረደ።

«በቲቸር!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ቲቸር አይደለሁም!» አሉ ሽማግሌው።

«በቲቸር! በቲቸር! ጎትት!»

«እኔ እኮ ለአንቺ ነው የምናገረው…»

አባቴ ዓይናቸውን ከአውሮፕላኑ ሳይነቅሉ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ዝም ይበሉ ጌታዬ፣ እያሳረፍኩ ነው!» አሉ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ አፍንጫው እየወረደ ነበር፣ «ጎትት» ማለት ነበረብኝ፣ ግን ድምፃቸው የእኔንም አፍ ዘጋው። አውሮፕላኑ ከሣሩ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ እየመጣ ነው። እጃቸው መጨረሻ ላይ ማለስለስ እንደሚወድ አውቃለሁ። ፍጥነቱን ቀድመው ከገደሉት ያበቃል። አውራ ጣታቸውን አየሁት። አልቸኮለም። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ያዙት፣ ያዙት፣ ከዚያ ለቀቁት፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ዘንጉን በጣም በትንሹ፣ የሐብል ቀለበት እንደሚዘጋ ሰው፣ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ማንም ጎትት አላላቸውም።

ሆዱ ሣሩን ነካ። ተንሸራተተ። አንድ ጉብታ መታ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከጫማችን ብዙም ሳይርቅ ቆመ።

«ተሰበረ?» አሉ አባቴ።

ሮጥኩ። ክንፉን አየሁ፣ ጭራውን አየሁ፣ ሆዱን ገለበጥኩ። «ፕሮፔለሩ» አልኩ፣ አፍንጫው ላይ የምትሽከረከረውን ላስቲክ እያሳየሁ። «አንዱ ጫፍ።»

«ተሰበረ ማለት ነው።»

«ፕሮፔለር ብቻ ነው አባባ!»

«የተሰበረ ተሰብሯል። እኔ ከሰበርኩት ነው ያልኩት።»

እዚያ ሜዳ መሀል ላይ የተሰበረች የላስቲክ ቁራጭ ይዤ ለአባቴ ወንበር ልከራከር ነው። «ፕሮፔለር ይሰበራል! እንዲሰበር ነው የተሠራው! ቲቸርን ይጠይቁት! ቲቸር በየሳምንቱ ነው የሚሰብረው!»

ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ በዚህ ነገር አዋቂ አይደለሁም» አሉ። «ግን እዚያ ላይ ነበረ፣ አሁን እዚህ አለ። ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል?»

አባቴ መጀመሪያ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ሽማግሌውን ፈልገው አገኙና ጎንበስ ብለው «ስለ ቅድሙ ይቅርታ» አሏቸው። ሽማግሌው «ግድ የለም፣ ልጅቷን ግን ይምከሯት» አሉ። «እመክራታለሁ» አሉ አባቴ። ወደ አፍንጮ በር ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስለ ምንም አልመከሩኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው «መጨረሻ ላይ ዝም አልሽ» አሉኝ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ዝም በይ ያሉኝ መሰለኝ።»

«አንቺን አልነበረም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ሄደው ግን «ቢሆንም ደህና አደረግሽ» አሉ።

ሰኞ ለምሳ ከሱቃችን ስወጣ ወደ እሳቸው ጓዳ ጎራ አልኩ። ወንበራቸው ላይ ናቸው። በቀኛቸው፣ የእሳት መበየጃው ባለበት በኩል፣ ከፊት ሱቅ የተጎተተ አንድ ተጨማሪ ዱካ ተቀምጧል። ተቀመጥኩበት። አንዲት ደንበኛ የተበጠሰ ሐብሏን እስኪሠራላት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አባቴ አጉሊ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ እሳቱን ለኮሱ፣ ሐብሉ ላይ አጎነበሱ። እጅጌያቸው ቀስ እያለ ወደ ነበልባሉ ሲጠጋ አየሁ።

አፌ ላይ የመጣው የሜዳው ቃል ነበር። ነገር ግን እዚህ ጭልፊት የለም፣ መሬቱም እየሮጠ አይመጣም። ለወርቅ ጊዜ አለ።

«አባባ» አልኩ፣ «እጅጌዎን ከእኔ በኩል ትንሽ ራቅ ያድርጉት።»

ራቅ አደረጉት። ሴትዮዋ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አለችዎት» አለቻቸው።

አባቴ ቀና ሳይሉ «ሜዳ ላይ አላየሻትም» አሉ።